በእጅ የተሠሩ ሰዓቶችን የሰበሰቡት የአቶ ገብረጻድቅ ሙሉዓለም የሕይወት ታሪክ

አቶ ገብረጻድቅ ሙሉዓለም ከአባታቸው ከአቶ ሙሉዓለም ደስታና ከእናታቸው ከወ/ሮ ብርቅዬ አሰፋ ጥር 12 ቀን 1944 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ከተማ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በዚያው ከተማ ተምረው፣ በአዲስ አበባ በኤሌክትሪክ ሙያ በዲፕሎማ ተመረቁ።

በ1967 ዓ.ም. ወደ ሐዋሳ መጥተው በአንድ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ጥገና ክፍል ተቀጠሩ፤ በ1999 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስም በዚያው አገለገሉ። በ1973 ዓ.ም. ከወ/ሮ አለምነሽ ከበደ ጋር ጋብቻ መሥርተው ፍቅሬንና ብሌንን ወልደዋል። ወ/ሮ አለምነሽ በ2009 ዓ.ም. ቀድመዋቸው አርፈዋል። ይህን ታሪክ የጻፈችው ብሌን ናት።

ሰዓት መሥራት የጀመሩት በ1975 ዓ.ም. የፋብሪካው የፈረቃ ሰዓት ተበላሽቶ መለዋወጫ ሲጠፋ ነው። ከአሮጌ ሞተር ያወጡትን የመዳብ ሽቦ በእጃቸው ጠምጥመው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰዓት ሠሩ። ከዚያ ወዲህ እንደ እሳቸው በቤቱ ሰዓት የሠራ ሰው አለ ከተባለ ቱላም ይሁን ይርጋለም ሄደው፣ ለምነው ያመጡ ነበር። አንዱ የብስክሌት ጥርስ የገባበት የአስተማሪ ሥራ ነው፤ ሌላውን የሠራው ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። የፋብሪካ ሰዓት ግን በስጦታም ቢመጣላቸው አይሰቅሉም። ለእንግዳ የሚያሳዩት የሰዓቱን ፊት ሳይሆን ጀርባውን ከፍተው፣ የሠሪውን የእጅ ሥራ ነበር። ሠላሳ አንድ ሰዓት በተሰቀለበት ሳሎን ሁለቱ እንኳ ተስማምተው ስለማያውቁ፣ ስንት ሰዓት ነው ሲባሉ ሞባይላቸውን ከኪሳቸው ያወጡ ነበር።

ምኞታቸው አንድ ነበር፤ ስብስቡ ከእሳቸው በኋላ ሳይበተን ለተማሪዎች መማሪያ እንዲሆን። የዩኒቨርሲቲ መምህሩ አቶ ሽመልስ ከፋሲካ በኋላ መጥተው ሊረከቡ ቃል ገብተውላቸው ነበር።

በየካቲት ወር 2017 ዓ.ም. ስትሮክ መታቸውና ስድስት ሳምንት ሆስፒታል ተኙ። ሰዓቶቹም የሚንከባከባቸው አጥተው ቆሙ። ብሌን አባቷን ለማስደሰት ብላ ሰዓት ሠሪ አስጠራች፤ የሁሉንም ሆድ ዕቃ አስወጥታ ባለ ባትሪ ሞተር አስገባችባቸው። የወጣውን ሽቦና ጥርስ በማዳበሪያ ጆንያ ሞልታ፣ ደጅ ለመጣው ልዋጭ ሰጥታ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ተቀበለች።

አቶ ገብረጻድቅ ሲመለሱ ሠላሳ አንዱም እኩል ይቆጥሩ ነበር። በደኅናው እጃቸው አንዱን አውርደው ጀርባውን ከፈቱ፤ ሁለተኛውንም ከፈቱ። ሦስተኛውን አልነኩም። ልጃቸውን ግንባሯን ስመው መረቋት። እሷ ደስ ያላቸው መስሏት ነበር። በማግስቱ ለአቶ ሽመልስ ደውለው ሐሳባቸውን እንደቀየሩ፣ እንዳይመጡም ነገሯቸው። ልጃቸው እንዳታፍር ሲሉ የዕድሜ ልክ ምኞታቸውን ተዉት። ብሌን ይህን የሰማችው ትናንት፣ አቶ ሽመልስ ለቅሶ ሲደርሱ ነው።

ሕመማቸው አገርሽቶ ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው በሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ በሚገኘው ቤታቸው አረፉ። የሁለት ልጆች አባትና የአራት ልጆች አያት ነበሩ።

ብሌን በሕይወት ሳሉ ይቅርታ አልጠየቀቻቸውም፤ ምን እንዳጠፋች አላወቀችምና። ዛሬ በዚህ ሁሉ ወዳጅ ዘመድ ፊት ትጠይቃቸዋለች። አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ።

ሰው በእጁ የደከመበትን የማይጥል አምላክ ነፍሳቸውን በቅዱሳኑ ማደሪያ ይቀበልልን። አሜን።