ጆንያው ስላላማረረበት የኋላ መቀመጫ

ለክቡር የሞተር ሳይክል መሸጫው ባለቤትና የከተማችን ነጂዎች ሁሉ ዋና አማካሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የወገብዎን፣ የጉልበትዎን፣ የአንገትዎንና የእጅ አንጓዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ሌላው ሰው ጤና ሲጠይቅ በጅምላ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ካለፈው ክረምት ወዲህ ገላ በዝርዝር የሚታመም ነገር መሆኑን ስለተረዳሁ በዝርዝር መጠየቁን መርጫለሁ። የእኔን የጠየቁኝ እንደሆነ፣ ከእነዚህ ሁሉ ደህና የሰነበተው የእጅ አንጓዬ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የሚይዘው ነገር አጥቶ ነው።

ምናልባት አያስታውሱኝ ይሆናል። ባለቤቴ ስፖርት ሞተሩን ሲመርጥ መስኮቱ አጠገብ በነበረችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት ሴትዮ ነኝ። ሥራዬ በክሊኒክ ላቦራቶሪ ከሰው ክንድ ላይ ደም ሥር ፈልጎ በመርፌ ደም መቅዳት ነው። ባለቤቴ ደግሞ የማተሚያ ቤት ማሽን ያንቀሳቅሳል፤ እርስዎ ዘንድ ግን "ጀግናው" በሚለው ማዕረግ ይታወቃል፤ ማዕረጉንም የሰጡት ሊገዛ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ነበር።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ እንድጽፍ ያደፋፈረኝ እርስዎ ራስዎ በመሸጫዎ መስታወት ላይ ለአላፊ አግዳሚው የለጠፉት "ለብቻም ለጥንድም የሚሆን ስፖርት ሞተር እንዴት ይመረጣል?" የሚለው ምክር ነው። በአደባባይ ለተሰጠ ምክር ምስጋናውም በአደባባይ ሊደርስ ይገባል ብዬ አሰብኩ። ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ቆሜ አንብቤዋለሁ፤ መቀመጥ በማልችልበት ሰሞን ስለነበር መቆሙ አልከበደኝም። ስለ ሞተሩ ጉልበት፣ ስለ ፍሬኑ፣ ስለ ነጂው ቁመት፣ እግሩ መሬት ስለመድረሱ በሰፊው አስተምረዋል። ስለ ጥንዱ ደግሞ በመጨረሻው መስመር ላይ "የኋላ መቀመጫም አለው" ብለዋል። እውነትዎን ነው፣ አለው። የለውም የሚል ቢመጣ ምስክርዎ እኔ ነኝ፤ ምልክቱ ገላዬ ላይ አለ።

ቅሬታ ብዬ ልጠራቸው የማፍርባቸውን ጥቂት ጉዳዮች ከመዘርዘሬ በፊት፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ከሥሩ ላስረዳዎ። ባለቤቴ ከሰዓት ገብቶ ማታ ይወጣል፤ እኔ ጠዋት ገብቼ ከሰዓት እወጣለሁ። እሱ ቤት ሲደርስ እኔና ልጃችን ተኝተናል። ስለዚህ እኔና እሱ በደንብ ባልና ሚስት የምንሆነው ጠዋት ክሊኒክ ሲያደርሰኝ፣ ሞተር ላይ ነበር። አሮጌው ሞተራችን ዳገት ላይ የሚያቃስት ምስኪን ቢሆንም መቀመጫው እንደ አግዳሚ ወንበር ረጅምና ጠፍጣፋ ነበር። አገጬን ትከሻው ላይ አስደግፌ አወራዋለሁ፣ እሱም አንገቱን ትንሽ ዘወር አድርጎ ይመልስልኛል። የልጃችንን ስም ያወጣነው ቀይ መብራት ላይ ነው። ሐኪሞች በእናቱ ተስፋ መቁረጣቸውን የነገረኝም እዚያው ሞተር ላይ ነው፤ ፊቱን የማላየው መሆኑ ለመናገር ሳያግዘው አልቀረም። ተኳርፈን በወጣንባቸው ቀናት ደግሞ፣ ከኋላ ተቀምጦ የፊተኛውን አለመያዝ አይቻልምና፣ ክሊኒክ ሳንደርስ ታርቀን እንገኛለን። ይህ ሞተር አርጅቶ እምቢ ሲል ነው ወደ እርስዎ የመጣነው።

አንደኛ፤ ስለ ፈተናው። ባለቤቴ "ከኋላዬ ሰው ሲኖር እንዴት ነው?" ብሎ ሲጠይቅዎ፣ "በተግባር አሳይሃለሁ" ብለው መካኒክዎን ጠሩ፤ ከጓሮ የአሸዋ ጆንያ አስመጡ፤ በኋላ መቀመጫው ላይ በገመድ አስጠፈሩ፤ ከዚያም ባለቤቴን ሰፈሩን ዞሮ እንዲመጣ ላኩት። እኔ በዚያን ሰዓት ከሞተሩ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ሙሉ ጤነኛ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። "እኔ ልቀመጥበት?" ብዬ ስጠይቅ ቀሚሴ እንዳይቆሽሽ አሳስቦዎት ውሃ አስመጡልኝ። ሆኖም በምርጫው ፈጽሞ አልተሳተፍኩም ብል ግፍ ይሆንብኛል፤ የጆንያውን ክብደት ለመገመት ዞር ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አይተውኛል። ለመካኒክዎ "ጥቂት ጨምርበት" ማለትዎንም ሰምቻለሁ፤ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ሲመለስ "ከኋላዬ ሰው ያለም አይመስልም!" ብሎ ፈነደቀ፤ እርስዎም አብረውት ፈነደቁ። ሰው አልነበረማ።

ሁለተኛ፤ ስለ መቀመጫው። በአውራ ጣትዎ ጫን አድርገው "ስፖንጁ አንደኛ ነው" ብለዋል። ለአውራ ጣት የሚበቃ መሆኑን አልክድም፤ የእኔ አፈጣጠር ግን ከአውራ ጣት ትንሽ ሰፋ ይላል። እዚያ ላይ ምቾት መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆኖብኛል። መቀመጫው ከነጂው በላይ ተሰቅሎ የተሠራ በመሆኑ የሰፈሩን አጥር ሁሉ ከላይ አያለሁ፤ ማን ጓሮውን እንደማይጠርግ ለይቻለሁ። የእግር መርገጫውም እንዲሁ ከፍ ስለሚል ጉልበቴ ወደ ደረቴ ይመጣል። እስከዚያ ድረስ ጉልበቴን በሩቁ ነበር የማውቀው፤ ስላቀራረቡን ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሦስተኛ፤ ስለ መያዣ። የለም። ይህን ሳስታውስዎ "ባልሽን አጥብቀሽ ያዢ፣ ፍቅር ይጨምራል" ብለው በባለቤቴ በኩል የላኩት ምክር ደርሶኛል። በተግባር እንደታየው ግን እሱ ፍሬን ሲይዝ እኔ ተንሸራትቼ ጀርባው ላይ እወርዳለሁ፣ እሱ የሁለታችንንም ክብደት በአንጓው ይዞ መሪው ላይ ይደፋል፣ ሄልሜቶቻችን ጓ ብለው ይጋጫሉ። ሲነሳ ደግሞ መንገድ ላይ ላለመቅረት ሆዱን እጨምቀዋለሁ፤ ቁርሱ ተስማምቶት አያውቅም። ጆንያው በዚህ ረገድ አንድም ችግር እንዳልገጠመው አምናለሁ፤ እሱ ታስሮ ነበር።

አራተኛ፤ ስለ እጄ። ሰው ከኋላ ሲጫን መንገጫገጩን የሚያበርደው የኋላው ሞላ መስተካከል፣ የጎማውም ንፋስ መታየት እንዳለበት የነገረችን በሞተር መድኃኒት የምታደርሰው ታናሽ እህቴ ናት፤ እርስዎ ያልነገሩን ደስታችን እንዳይበረዝ አስበው ይመስለኛል። እስክንሰማ ድረስ እያንዳንዱን የመንገድ ጉድጓድ በአከርካሪዬ ቆጥሬ ክሊኒክ ስደርስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። መርፌ ለሚይዝ ሰው ይህ ጥሩ አመል አይደለም። አንድ አዛውንት መርፌውን ይዤ ስቀርብ እጄን ትኩር ብለው አዩና "ልጄ፣ አንቺ ቅደሚና ታከሚ" ብለውኝ እጅጌያቸውን አውርደው ሄዱ። ለእርስዎ በቀልድ መልክ ቢቀርብ አልፈርድም፤ በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይባላል።

አምስተኛውን ቅሬታ ብዬ መጻፍ አልቻልኩም፤ ኀዘን ነው። ባለቤቴ ወደ ፊት ተደፍቶ ይነዳል፤ እኔ ከላይ ተሰቅያለሁ፤ አገጬ ትከሻውን ካጣው ሰነባበተ። ነፋሱ አለ፣ የጭስ ማውጫው ጩኸት አለ። አንድ ቀን ልጁን ሌሊት እንዳተኮሰው ልነግረው ቀይ መብራት ላይ በጉሮሮዬ ሙሉ ጮኽኩ፤ ከጎናችን የቆመው የታክሲ ሹፌር በመስኮቱ "እግዜር ይማረው!" አለኝ፤ ባለቤቴ ግን አልሰማም። ወገቤም ሲብስብኝ ታክሲ ተሳፋሪ ሆንኩ። እሱም ጠዋት የሚያደርሰው ሰው ስለሌለው ይተኛል። አሁን የምንነጋገረው በስልክ መልእክት ነው፤ "ዘይት አልቋል" ብዬ እጽፋለሁ፣ እሱ የአውራ ጣት ምስል ይልክልኛል።

ይህ እንዳለ፣ እርስዎ ለታማኝ ደንበኛ ብለው የኋላ መቀመጫውን የሚዘጋ ክዳን በስጦታ ሰጡት። ቀይ፣ የሚያብለጨልጭ፣ መቀመጫውን ውጦ በቦታው ጉብታ የሚተው። ከነጂው በስተቀር ማንም የማይጫንበት ሞተር መልኩ እንዲያምር የሚደረግ መሆኑን ኋላ ሰምቻለሁ። ልብስ ላሰጣ ወደ ግቢ ስወጣ አየሁት። ከተጋባን ጀምሮ የእኔ የነበረው፣ ከባለቤቴ ኋላ ያለው ቦታ ተከድኗል። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬን ለአፍታ ላስቀምጠውና፣ አለቀስኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ሲባል የሰማሁት እውነት ነው፤ ያሰጣሁት ልብስ ቀድሞኝ ደረቀ። ባሌ የከዳኝ ሌላ ሴት አስከትሎ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የማኮርፍባት ሰው አገኝ ነበር፤ በክዳን ላይ ምን ተብሎ ይኮረፋል?

በዚህ ሁኔታ ያገኘችኝ ታናሽ እህቴ ናት። ብዙ የማውራት ልማድ የላትም። መፍቻ አምጥታ ክዳኑን ፈታች፤ ባለቤቴን ከእንቅልፉ ቀስቅሳ "ዛሬ ጆንያው አንተ ነህ፣ ውጣ" አለችው። ከኋላ አስቀምጣ፣ እኔ በምሄድበት መንገድ፣ እሱ በሚነዳበት አነዳድ ክሊኒኩ በር ድረስ ወስዳ መለሰችው። ሲመለሱ እግሩን አንስቶ መውረድ ስላቃተው እኔና ጎረቤታችን ተጋግዘን አወረድነው። ግድግዳውን እንደተደገፈ "እንዲህ ነበር እንዴ?" አለኝ። እንዲህ ነበር አልኩት። ከዚያ ወዲህ ክዳኑን መልሶ አልገጠመውም። በማግስቱም በጠዋት ተነስቶ ከእኔ ጋር በታክሲ ሄደ፤ እኔን አድርሶ በታክሲ ተመለሰ። መንገዱን ሙሉ ስናወራ ተሳፋሪው ሁሉ የቤታችንን ጉድ ሰማ፤ አላፈርንም።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምለምነው ይህንን ነው። ቅዳሜ ሞተሩን ይዘን እንመጣለን፤ በሌላ እንዲለውጡልን እንጠይቃለን። የምንፈልገውንም መርጠናል፤ ጥግ ላይ አቧራ ለብሳ የቆመችውን፣ መሪዋ ትንሽ ቀና ያለውን፣ መቀመጫዋ ረዘም ብሎ ለኋለኛውም መያዣ ያላትን፣ ባለቤቴ ዓይኑን ሲጥልባት "እሷ የሽማግሌ ሞተር ናት" ብለው ያስተዉትን። ብቻውን ሲሆን እንደ ልቡ ይነዳታል፤ ጉልበት እንደማያንሳት እህቴ አረጋግጣለች። ከመግዛታችን በፊት ግን የምቀመጥባት እኔ ነኝ። እግሬን አሳርፋለሁ፣ ሰፈሩን እዞራለሁ፣ ከዚያም ሁለት ሦስት ነገር ለባለቤቴ እነግረዋለሁ፤ ከሰማኝ ተስማምተናል። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ያቅታል ቢባልም፣ እኔ በእርስዎ ምክር መቆምን በደንብ ስለለመድኩ ለማውረዱ ዝግጁ ነኝ። በመስታወቱ ላይ ካለው ምክር ግርጌም "ከኋላ የሚቀመጠው ሰው አስቀድሞ ይቀመጥበት" የሚል አንድ መስመር ቢጨምሩልን፣ ቦታ ከጠበበ ስለ ነጂው ቁመት ከተጻፈው ላይ ጥቂት ቢቀንሱልን፣ የከተማው ወገብ ሁሉ ሲመርቅዎ ይኖራል።

ከማያልቅ ምስጋና፣ ከጥልቅ አክብሮትና ሲነሱ ሲቀመጡ ከሚሰማ መጠነኛ ሕመም ጋር፣
የምክርዎን ክብደት ከኋላ ሆና የተሸከመች፣
ያቺ የመስኮቱ ሴትዮ

ግልባጭ፦ ለመካኒክዎ፣ ጥቂት ለጨመረበት

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ በታክሲ ወረፋ ላይ በየጠዋቱ ከጎኔ የምትቆም አንዲት መምህርት አለች። ወገቤን ሲያመኝ አይታ ተራዋን ሰጥታኛለች፤ ደግ ሰው ናት። ባሏ ትልቅ ሞተር እንዳለው፣ ሥራውም በእሷ ትምህርት ቤት በኩል እንደሆነ አጫውታኛለች። ለምን እንደማያደርሳት ስጠይቃት "ከኋላ አይመችሽም ይለኛል፤ ተቀምጬበት ግን አላውቅም" አለችኝ። ባለፈው ሐሙስ ዝናቡ ሲያወርደው እርስዎ በሞተርዎ በፊታችን አለፉ። እጇን አነሳች። ታውቂዋለሽ እንዴ ብላት "ባለቤቴ ነው" አለችኝ። እርስዎ አላዩንም፤ እሷም ያነሳችውን እጅ ባዶውን ላለማውረድ ሻርፗን አስተካከለችበት።