ለጫልቱ የለቀቅሽው እጣ

ዘውዴ፣ የቤቴ እመቤት፣

ካንቺ ወዲህ ሁለት ፋሲካ አለፈ። ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው፤ አትሳቂ። የማታ ትምህርት ገብቼ ነበር፣ ጨረስኩ። ከክፍሉ አንደኛ እኔ ነኝ። የቀሩት ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌዎች ቢሆኑም አንደኛ አንደኛ ነው። አሁን ጋሪዬ ላይ ሆኜ የአሰላን የሱቅ ስም ሁሉ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ተሳፋሪው ተማሯል፣ ፈረሱ ብቻ ነው የሚታገሰኝ።

ያ የሚያፈሰው የጓዳ ጣሪያ ተጠግኗል። የጠገንኩት እኔ ስለሆንኩ ትንሽ ትንሽ ያፈሳል።

ትርሲት አምስተኛ ክፍል ገባች። ዘንድሮ ስለ ገንዘብ አያያዝ ይማራሉ። መምህሯ በወሬ ብቻ አይገባቸውም ብላ እቁብ አስጀመረቻቸው፤ ከቁርስ ሳንቲማቸው ይጥላሉ፣ እጣ የወጣለት ያሰበውን ይገዛል። የኛዋ ያሰበችው ዶሮ ነው። እኔም ልጄ ዶሮ አርቢ ልትሆን ነው ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ። ቆጡንም ሠራሁ።

ባለፈው ሳምንት እጣው ወጣላት። ቤት የመጣችው ግን ባዶ እጇን ነው። ለሌንሴ ለቀቀችላት፣ ለጎረቤታችን ለጫልቱ ልጅ። ጫማዋ አልቆ ከትምህርት ልትቀር ነበር አለችኝ። የሌንሴን ተራ ትወስዳለች፣ እሱም ከሁሉ መጨረሻ ነው።

ዘውዴ፣ አንቺም የጭላሎ በረዶ ጣሪያዋን ወንፊት ባደረገው ክረምት የእቁብ እጣሽን የለቀቅሽው ለዚችው ለጫልቱ ነበር። ተራዋ ሲደርስ እወስዳለሁ፣ የት ይሄዳል አልሽኝ። ተራው ሳይደርስ ሕመምሽ ቀደመ። ሐኪሞቹ አዲስ አበባ ውሰዳት ሲሉኝ እጄ ላይ ምንም አልነበረም። ጫልቱ ብድር ፍለጋ ያላንኳኳችው በር የለም። ገንዘቡን ይዛ ስትመጣ አንቺ አልነበርሽም። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋን አልመልስላትም። ትርሲት ይህን አታውቅም።

መምህሯ ደግሞ ስለ ገንዘብ ለልጆቹ የሚያወራ ወላጅ ፈለገች። ማን እጁን አወጣ? እኔ ነኛ። ፈረሱንና ጋሪውን በእቁብ እንዴት እንደገዛሁ አወራሁ፣ ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ መምህሯ ትርሲት ደግ አደረገች ወይስ ተሳሳተች ብላ ጠየቀችኝ። ሌንሴ ከፊት ወንበር አዲስ ጫማዋን ወደ ኋላ ስትደብቅ አየኋት። ፈረሱን ውሃ ላጠጣ ብዬ ወጣሁ።

ስንመለስ ትርሲት አጠገቤ ተቀምጣ፣ "አባዬ፣ እማዬ ብትሆን ትለቅላት ነበር?" አለችኝ።

ትለቅላት ነበር አልኳት። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ፈገግ ስትል አንቺን አየሁባት፣ ፈራሁም። አንድ ቀን የቀረውን ልነግራት ይገባል። ለክፉ ቀን አስቀምጪ ልላት እፈልጋለሁ፣ እናትሽ ተሳስታ ነበር ሳልል። ይህ እንዴት እንደሚባል በማታ ትምህርት አልደረስንበትም።

ትናንት ጫልቱ አንገቷን ደፍታ በደጃችን ስታልፍ ቀድሜ እንደምን ዋልሽ አልኳት። ቆማ አለቀሰች። ከልቤ ይቅር ያልኳት እንዳይመስልሽ፣ ገና ነው።

ቆጡን አላፈርሰውም። እስከ ትርሲት ተራ ባዶውን ይቆይ፤ ባየሁት ቁጥር አስብሻለሁ። ከጋሪው ገቢም ጥቂት ጥቂት ማስቀመጥ ጀምሬያለሁ። ልጃችን እንዳንቺ ትልቀቅ፣ ዘውዴ። ከኋላዋ የሚይዝ እኔ አለሁ።

ባለጋሪው ባልሽ