ያረምኩብህ ሰባት ቦታ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ይህን ወረቀት ስጀምር አራተኛዬ ነው፤ ሦስቱን ቀድጃቸዋለሁ። ሁለት መስመር ጽፌ እነሳለሁ፣ መስኮቱን ከፍቼ እዘጋለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ደግሞ ሳልነሳ ዋናውን ልንገርህ፦ ጆሮህ ምንም አልሆነም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

የመጨረሻ ድርሰትህን ለኦርኬስትራው ስገለብጥ፣ ሁለቱ ቫዮሊኖች በግማሽ ድምፅ ብቻ ተራርቀው ሲላተሙ አየሁ። ሰባት ቦታ። ፒያኖው ላይ ሞከርኩት፤ ጥርስ ያጠርሳል። ከድካም ብዛት የተሳሳትክ መሰለኝ። ደግሞ ከአንተ በፊት እንዲህ የጻፈ ስላልነበረ፣ ሰው “ወንበር ሲጎተት ይመስላል” እያለ ሲስቅብህ መስማት አንገፍግፎኝ ነበር። ስለዚህ አረምኩት፤ በኦርኬስትራው መሪ ቅጂም፣ በተጫዋቾቹም።

የተጫወቱት ምሽት አዳራሹ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሞ አጨበጨበልህ። አንተ ግን ፊትህ አመድ መስሎ ወጣህ። ደረጃው ላይ ደረስኩብህ።

“የሰማሁት የጻፍኩትን አይደለም” አልክ። “እንዳለ ነው የገለበጥሽው?”

“እንዴታ! አንዲት ነጥብ አልነካሁም።”

አመንከኝ። እኔን ከምትጠራጠር ጆሮህን መጠራጠር ቀለለህ። መጻፍ ትተህ፣ እዚያ ሩቅ ከተማ ሂሳብ ልታስተምር ሄድክ። ሁለት ዓመት ሆነህ። የወጋ ይረሳል የሚሉት ውሸት ነው፤ እኔ አንድ ቀን አልረሳሁም።

ባለፈው ሳምንት መሪው ድርሰቱን በድጋሚ ሊያሰማ እንደሆነ ነገረኝ። ቅጂዎቹን ተቀብዬ ሰባቱንም በምላጭ ፍቄ እንደጻፍከው መለስኳቸው። ትናንት ልምምድ ላይ አንዷ ቫዮሊን ተጫዋች አቆመችና፣ “ኧረ ይሄ ነገር ተበላሽቷል!” አለች።

“አልተበላሸም፤ እሱ የጻፈው እንዲህ ነው” አልኩ። “ያኔ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።” ሁሉም ዞረው አዩኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

መሪው መነጽሩን አወለቀ። “እና እኛ ያስጨበጨብነው ያንቺን ነው?” አለ። ከዚያ የመምሪያ ዘንጉን አነሳ። “በሉ፣ ከመጀመሪያው። እንደጻፈው።”

ወንድም ጋሼ፣ ከእንግዲህ አልዋሽህም፤ አሁንም ደስ አላለኝም። ግን ሦስተኛው ቦታ ላይ ሲደርሱ አንተ ክፍሉ ውስጥ ያለህ መስሎኝ አለቀስኩ። ስህተት እንዲህ አያስለቅስም።

የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ይጫወቱታል። ሊሳቅብህ ይችላል። ቢሆንም ና። ከእኔ ርቀህ ተቀመጥ፣ ከፈለግህ ሰላም አትበለኝ። እኔን ባትታረቀኝም፣ ጆሮህን ታረቀው።

ሳትቀደው ወደ ፖስታ ቤት የምትሮጠው፣
ታናሽ እህትህ