ቡድኑ ሄደ፣ ስሙ ቀረ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለሱሩር፤ አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ናችሁ? እናታችን እንዴት ናት? ደረቷን የሚይዛት ነገር ተሻላት ወይስ ዝናቡ ሲገባ ባሰባት? ባለቤትህ መሪማ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ፣ ከብቱ ሁሉ ደኅና ነው? እኛ እዚህ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ሐቢባም ልጃችን ዩስራም ደኅና ናቸው። ይህ ኮሮና ከሰፈራችን ከሜይፌር ስንቱን ሰው ሲወስድ፣ እኛ ቤት ግን ጉንፋን መስሎ ገብቶ ጉንፋን መስሎ ወጥቷል፤ ምስጋና ለአላህ ይሁን።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳያስገርምህ አይቀርም። የስልክ ድምፅ ቢሆን ሰምተህ ታጠፋዋለህ። ይህ ግን በአረፋ ዕለት፣ ሽማግሎቹ በተቀመጡበት፣ እናታችን ባለችበት፣ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ እፈልጋለሁ። ይዞልህ የሚመጣው ዱካሞ የሚባል የሆሳዕና ሰው ነው፤ ሱቁ ከሱቄ ጎን ነው፤ በሚመጣው ሳምንት ይበርራል። የእሱ ወረቀት የተሟላ ነው። የእኔን የጥገኝነት ወረቀት የሚያድሰው ቢሮ ግን በበሽታው ምክንያት ከተዘጋ ዓመት አልፎታል፤ አሁን ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ስለዚህ ዘንድሮም ለአረፋ አልመጣም። «አላህ ካለ ለከርሞ እመጣለሁ» ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አነሣሁና አፈርኩ። ያችን ቃል እኔ ብጀምራት እናንተ ትጨርሱልኛላችሁ።

ሳልሸፋፍን ልንገርህ። ከአረፋ በኋላ ከደላላ ጋር በሞያሌ በኩል ወደዚህ ወደ ጆሃንስበርግ ልትወጣ እንደሆነ ሰምቻለሁ። የነገረችኝ እናታችን ናት፤ አትቆጣት። እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። ሻንጣህን ቆጥ ላይ ደብቀህ እሷ የማታውቅ መስሎህ ከሆነ ተሞኝተሃል፤ ቤት ውስጥ ምን እንደገባና ምን እንደወጣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ታውቃለች። የምመልስልህ መልስ አለኝ። መልሱ ግን ብቻውን አይመጣም፣ ታሪክ ይቀድመዋል። እንደ ልማዴ ነገር አስረዝማለሁ፤ ታገሰኝ።

አምና ከቤት አትውጡ የተባልንበት የመጀመሪያው እገዳ ላላ ሲልልን ብርዱ እየገባ ነበር። ቀድሜ የነቃሁ መስሎኝ ኮፍያ ያለው ወፍራም ሹራብ አንድ ትልቅ ካርቶን ሙሉ ሳልፈታ ከጅምላ ሻጭ ገዛሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ዱርንፎንቴን በሚባለው ሰፈር ወዳለው ሱቄ ወስጄ ስፈታው ሁሉም ደማቅ ብርቱካናማ ሆኖ አገኘሁት። አንተ ምን አለበት ትል ይሆናል፤ እዚህ አገር ግን ብርቱካናማ የእስረኛ ልብስ ነው። ለሰፈራቸው ልብስ ከእኔ እየወሰዱ የሚቸረችሩ አንዲት የዙሉ እናት አሉ፤ አንዱን ሹራብ ከፍ አድርገው አዩና «ባባ፣ ልጄ ይህን ለብሶ ቢወጣ ፖሊስ ከወህኒ ያመለጠ ነው ብሎ ይመልሰዋል» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። በዚያን ጊዜ ሳል የሰማ ሰው እንዴት እንደሚሆን ታውቃለህ፤ እኔ ከባንኮኒው ኋላ ግድግዳው ጋ ተለጠፍኩ። ከካርቶኑ አንድ እንኳ የገዛኝ የለም። በመጨረሻ ቤት ወስደን ለብርዱ እኛው ለበስነው። ሐቢባ ሦስታችንንም አየችና «ከታሰርን ወራችን ነው፤ ልብሱ ብቻ ነበር የቀረን» አለች።

ሹራቡ ደረት ላይ በቡናማ ፊደል የተጻፈ ስም አለ። ክሊቭላንድ ብራውንስ ይላል። ዩስራ ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቀኑን ሙሉ ስልኳ ላይ ነበረች፤ ስሙ የማን እንደሆነ ፈልጋ አገኘችና እየተከታተለች ትነግረኝ ጀመር። የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ነው። እግር ኳስ ይሉታል እንጂ ኳሱን ታቅፈው ነው የሚሮጡት፤ ሲጋጩ እንደ ኮርማ ነው። ክሊቭላንድ ሐይቅ ዳር ያለች፣ ብረት ይቀልጥባት የነበረች ብርዳም የሠራተኛ ከተማ ናት። ቡድኑ የተቋቋመው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ወዲህ ሲሆን ስሙን የወሰደው ከመጀመሪያው አሰልጣኙ ነው ይባላል። በጀመሩበት ጊዜ የሚችላቸው አልነበረም፤ በዓመት በዓመቱ ዋንጫ ይወስዱ ነበር። ኋላ ያ አሰልጣኝ ተባረረ። ሰውዬው ተባርሮም ስሙን ማንም አልነካውም። የሌላው ቡድን ሁሉ የራስ ቁር ላይ አንበሳም ንስርም የመሰለ ምልክት ሲኖር፣ የእነዚህ ግን ባዶ ብርቱካናማ ነው። እኔ ይህን ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት ምልክት ቢኖረው ኖሮ ሹራቤ ይሸጥልኝ ነበር ብዬ ነው። ነጋዴ ነኝና ፍረድብኝ።

እንግዲህ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1995 የቡድኑ ባለቤት ተነሥቶ ቡድኔን ይዤ ባልቲሞር ወደምትባል ሌላ ከተማ እሄዳለሁ አለ። እዚያ አዲስ ሜዳ ሊሠሩለት ነው። ሕዝቡ አበደ። በዚያ ሜዳ የመጨረሻው ጨዋታ ሲደረግ ሰዉ የተቀመጠበትን ወንበር እየነቀለ ወደ ሜዳ ወረወረ። ጨዋታው ሲያልቅም ተጫዋቾቹ ተመልካቹ ጋ እየሄዱ ተቃቅፈው ተላቀሱ። ከተማዋ ግን በልቅሶ አላበቃችም፤ ፍርድ ቤት ሄደች፣ ተከራከረች። በስተኋላ በስምምነት ጨረሱት፤ ባለቤቱ ተጫዋቾቹን ይዞ ይሂድ፣ ስሙና ቀለሙ፣ ከጥንት ጀምሮ ያለው ታሪኩም እዚሁ ከተማዋ ጋር ይቅር ተባለ። ሦስት ዓመት ያህል ስሙ ብቻ ቀረ፤ ተጫዋችም ጨዋታም አልነበረም። ያንን አሮጌ ሜዳ አፈረሱትና በዚያው ቦታ ላይ አዲስ ሠሩ። ከዚያ በአዲስ ልጆች፣ በአሮጌው ስም ጀመሩ።

የሄዱትስ ብትል፣ የሄዱት ተሳካላቸው። ብዙም ሳይቆዩ ትልቁን ዋንጫ በሉ። ነገር ግን በመዝገብ ላይ ያን ዓመት እንደተወለደ ቡድን ነው የሚቆጠሩት፤ አባት አያት የላቸውም። የቀሩት ደግሞ መከራቸውን በሉ። በአንድ ዘመን ዓመቱን ሙሉ አንድም ሳያሸንፉ ጨርሰዋል። ደጋፊዎቻቸው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ ተሰልፈው ሜዳውን ዞሩት! ሰልፍ ለአሸናፊ ነው የማውቀው፤ እነዚህ ለሽንፈታቸው ተሰለፉ። ዩስራ ይህን ስትነግረኝ «ሞኝ ሕዝብ ነው» ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

በዚህ ዓመት ጥር መጀመሪያ ላይ፣ እኛ ሁለተኛው የበሽታ ማዕበል እያንገላታን በየቀኑ የሰው ሞት ስንሰማ፣ እነዚህ ሰዎች ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ በጥሎ ማለፍ አሸነፉ። አሰልጣኛቸው በኮሮና ተይዞ ቤቱ ተቀምጦ ነበር፤ ያለ እሱ ነው ያሸነፉት። ዩስራ ጠዋት ዜናውን አይታ ያን የእስረኛ ሹራብ እንደለበሰች ሳሎኑን ዘለለችበት። በሳምንቱ ተሸነፉ፤ ምንም አልመሰላትም። ሻይ እየጠጣን ሳለ ግን ድንገት «አባ፣ ሶ እኛ የትኛው ቲም ነን?» አለችኝ። እንዴት ማለትሽ ነው አልኳት። «የሄዱት ነን ወይስ የቀሩት?» አለች። እኔ ሳላመነታ ከቀሩት ነን አልኩ፤ አገር የሚናፍቅ፣ ያባቱን ቤት ያልረሳ ሰው ሌላ ምን ይላል ብዬ። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች። «ኖ አባ፣ አንተ እኮ የሄድከው ነህ። የቀረው አጎቴ ሱሩር ነው» ብላኝ ወደ ስልኳ ተመለሰች። አንተን በአካል አይታህ አታውቅም። ቢሆንም የትኛው ወንድም የት እንዳለ ከእኔ ይልቅ ለእሷ ታይቷታል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህ ነገር ከልቤ አልወጣም። እናታችን ልትሄድ መሆኑን ስትነግረኝ ደግሞ ሙሉ ሆኖ ገባኝ። ሽማግሎቹ እንደሚያውቁት አባታችን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሲሞት «ቤቱ የአብዱልሀፊዝ ነው፤ ሱሩር ይጠብቅለት» ብሎ ነው። በእኛ ዘንድ ደግሞ በኩሩ ሳይፈቅድ ያባት ቤት ምሰሶ አይነቀልም። አንተ ጣሪያው ያፈስሳል፣ እናታችን በእርጥበቱ ታመመች፣ አፍርሼ በቆርቆሮ ልሥራው ብለህ ደጋግመህ ለመንከኝ። እኔ ሁልጊዜ «እስክመጣ ምሰሶው እንዳይነካ» እላለሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ከርሞ ከርሞ ስል አስራ ስምንት ዓመት ሞላኝ። በመንደሩ ዛሬም የአብዱልሀፊዝ ቤት ነው የሚባለው። ልጆችህ ተወልደው ያደጉበትን ቤት ሰው ሲጠይቃቸው በማያውቁት ሰው ስም ይጠሩታል።

ለምን እንደያዝኩት እነግርሃለሁ፤ ክፋት አልነበረም። እዚህ ሱቄ በተሰበረ ጊዜ፣ ሰዎች አገራችሁ ግቡ ብለው በጮኹብን ጊዜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ያንን የሣር ቤት አየዋለሁ። ምሰሶውን በእጄ የያዝኩት ይመስለኛል። እኔም ቤት አለኝ እላለሁ፤ ይህን ብዬ ተጽናንቼ እውላለሁ። እኔ እንዲህ ስጽናና ግን ጣሪያው የሚያፈስሰው በእናንተ ላይ ነው። የክሊቭላንድ ሰዎች ባለቤቱን ሂድ፣ ስሙን ግን ተው አሉት። እኔ ሄጄም ስሙን አልተውኩም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፤ አንተን ደግሞ ወንድሜን በገዛ ያባትህ ቤት ዘበኛ አደረግሁህ። ዘበኛ አንድ ቀን ሻንጣውን ቢያነሣ ምን ይደንቃል?

ስለዚህ ሽማግሎች ሆይ፣ ይህን ስሙልኝ። እኔ አብዱልሀፊዝ ያባቴን ቤት፣ የቆመበትን ቦታ፣ ስሙንም ጭምር ለወንድሜ ለሱሩር ለቅቄያለሁ። ማንም አላስገደደኝም። ሐቢባም ሰምታ ተስማምታለች፤ ዩስራም ሰምታለች። አባታችን ያን ቃል የተናገረው ተመልሼ የምገባ መስሎት ነው፤ ቃሉን በማፍረሴ እንዳይጠየቅብኝ ዱዓ አድርጉልኝ።

ሱሩር፣ ዝናቡ ሲያባራ ምሰሶውን ንቀለው። በዚያው ቦታ ላይ ቆርቆሮም ይሁን ብሎኬት አንተና መሪማ የወደዳችሁትን ሥሩ። ምን መሰለ ብዬ አልጠይቅህም፣ በሩ ወዴት ይዙር ብለህም አትጠይቀኝ። እናታችን ውሃ በማይገባበት ጣሪያ ሥር ትተኛ።

ይህን የማደርገው አንተን በቤት ደልዬ ላስቀርህ አይደለም። ያን መንገድ እኔ መጥቼበታለሁ፤ አብረውኝ ከተነሡት ሁሉም አልደረሱም። አምና ሞዛምቢክ ውስጥ በኮንቴይነር ታፍነው ስላለቁት ልጆቻችን ሰምተሃል፤ አልደግምልህም። ከዚህ ወዲያም ልሂድ ካልክ ከዚህ ሆኜ እጅህን ልይዝ አልችልም። የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው። እስከ ዛሬ ልሂድ ስትል ያሰብከው በሰው ቤት ተቀምጠህ ነው። አሁን በራስህ ቤት ቢያንስ አንድ በጋ ተቀመጥና እንደገና አስብበት።

እናታችንን በእኔ ቦታ ጉልበቷን ሳምልኝ፤ አታልቅሺ ብሏል በላት። ለመሪማ፣ ያን ሁሉ ዘመን እናቴን ስላስታመመችልኝ የምመልሰው የለኝምና አላህ ይክፈላት። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳማቸው፤ ዩስራ አማርኛ መጻፍ ስለምታፍር በእኔ እጅ ሰላም ብላለች፣ ሐቢባም እንዲሁ። ለሽማግሎቹ፣ ለጎረቤት፣ ስሜን ለሚያነሣ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። እኔም ወረቀቴ የተቃና ቀን እመጣለሁ። ስመጣ በር ላይ ቆሜ አንኳኳለሁ፤ እንግዳ ነኝና የት እንደምቀመጥ አንተ ታሳየኛለህ።

ወንድምህ አብዱልሀፊዝ
ሜይፌር፣ ጆሃንስበርግ
ሰኔ 22 ቀን 2013 ዓ.ም.