በክር የተለካ ሰማይ

ውድ እታባ፣

ትኬቱ ደርሶኛል። ጋሽ ካውያ አሳትሞ አመጣልኝና መተኮሻ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ እንደሚተኮስ ሸሚዝ በመዳፉ እየዳበሰ አነበበልኝ። ስሜ ከአባዬ ስም ጋር አለ። የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ፣ ከቀትር በኋላ ይላል። ዋጋው በሚጻፍበት ቦታ ላይ ደግሞ «በማይል» ይላል፤ ሌላ ነገር የለበትም።

«እንግዲህ ጭጭ፣ ልትበሪ ነው» አለኝ።

እኔም እንደ ስሜ ጭጭ አልኩ።

አንቺም በስልክ «ትመጫለሽ አይደል የኔ ቆንጆ?» ስትዪኝ መልስ አልሰጠሁሽም። ታውቂኛለሽ፣ በስልክ ምላሴ ይተሳሰራል። ወረቀት ላይ ግን ፊቴን የሚያየኝ ስለሌለ ይሻለኛል። ከትምህርት ቤት ከቀረሁ ስለቆየሁ ፊደል ብገድፍ ታልፊኛለሽ። ጋሽ ካውያ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። ላያነብ ምሏል፤ ቢያነብም ግድ የለኝም፣ አብሮን ነበርና ሁሉንም ያውቃል።

ይህ ትኬት መጀመሪያ ለእኔ አልነበረም። ለአባዬ ነበር፤ እኔ እሱን ደግፌ አብሬው የምጓዝ ነበርኩ። ሐኪሙ የአባዬ ልብ በር አልዘጋ ብሏል፣ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ መጠገኛው እዚህ የለም ሲለን ማን እንዳለቀሰ ታስታውሻለሽ? አንቺ ነሽ፣ በስልክ። አባዬማ «የሱሪ ዚፕ ስጠግን ኖሬ የራሴ ዚፕ ተበላሸ» ብሎ ሐኪሙን አሳቀው። አንቺ ያለሽበት ከተማ ሆስፒታል በነፃ ሊያክመው ተራ ሲሰጠው፣ የመንገዱን ነገር ራሳችሁ ተወጡት አሉን። ያኔ ነው አንቺ የፓሱን ነገር ያመጣሽው።

ያንን ቀን ልብስ ስፌት ሱቁ ውስጥ ነበርን። አባዬ ኮት ላይ ቁልፍ እየተከለ፣ ስልኩን ማሽኑ ላይ አስቀምጦ ድምፁን ከፍቶት ነበር።

«ጋሼ፣ ስማኝ» አልሽው። «እዚህ አንሶላ የማጥብላቸው የአውሮፕላን አስተናጋጆች ናቸው የነገሩኝ። ብዙ አየር መንገዶች ኅብረት አላቸው። ወደናንተ አካባቢ ረጅም ትኬት ለያዘ ሰው ፓስ ይሸጣሉ። በፓሱ እዚያ አካባቢ ካሉት አገሮች ከአንዱ ወደ አንዱ በርካሽ ትበራለህ። በበረርክ ቁጥር ካርድህ ላይ ማይል ይገባል። ማይሉ ሲጠራቀም ትኬት ይሆናል።»

«እና አንቺ የትም ሳትደርሺ እንዲሁ ስትበሪ ልትከርሚ?»

«አዎ።»

«ሳትወርጂ?»

«እወርዳለሁ። ወርጄ ሌላው ላይ እወጣለሁ።»

አባዬ ሳቀ። ስቆ ስቆ ትንፋሹ ሲያጥረው ቁልፉ ከእጁ ወደቀ። «አብደሻል» አለሽ። ግን ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራም።

ቀጣሪዎችሽ ለዓመት ፈቃድሽ የሚሰጡሽ ትኬት ሁልጊዜ ቀጥታ ወደኛ ያመጣሽ ነበር። እኔን አሳድገሽ፣ ለሥራ ከሄድሽ በኋላ፣ ዓመቱን የምቆጥረው በአንቺ መምጣት ነበር እንጂ በበዓል አልነበረም። የዘንድሮውን ለማይሉ እንደምታደርጊው ስትነግሪኝ ቅር ብሎኝ ነበር። ያንንም አልነገርኩሽም። አባዬ ግን የኔ ፊት ሲጠቁር ያውቃል። «መጨረሻ ላይ እኛ ጋ ነው የምታርፈው። ዞራ ዞራ እዚሁ ናት» አለኝ።

መንገድሽን ያወጣው እሱ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ እንዴት እንዳወጣው ግን አላየሽም። የድሮ የትምህርት ቤት ካርታዬን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ በስፒል ወጠረው። ፓሱ የሚያስኬድባቸው ከተሞች ላይ ሁሉ ስፒል ተከለ። ከዚያ ጥቁር ክር ከአንዱ ስፒል ወደ አንዱ እየሳበ መለካት ጀመረ። የትኛው መንገድ ብዙ ክር እንደሚበላ ነበር የሚፈልገው። ዕድሜውን ሙሉ ጨርቅ ሳይባክን አሳጥሮ ሲቆርጥ የኖረ ሰው፣ ማስረዘም እንዴት እንዳስደሰተው። አንቺን ወደ ሰሜን አውጥቶ ወደ ደቡብ ያወርድሽና እንደገና በዚያው በላያችን ያሳልፍሻል።

ጋሽ ካውያ ብረቱን ይዞ መጣና ከላይ አየው። «ሰውዬ፣ ለእህትህ መንገድ ነው ወይስ ካፖርት ነው የምትሰፋው?»

«ዝም በል። ገበሩ ላይ ነኝ።»

የመጨረሻውን ስፒል የእኛ ከተማ ላይ ተከለና ክሩን ቋጠረ። «ቅደም ተከተሉን እንዳታፈርሺ» እያለ በስልክ ነገረሽ። አንዱን በረራ ከዘለልሽ የቀረው ኩፖን፣ ማለት የየበረራው ቁራጭ ትኬት፣ ሁሉ እንደሚሰረዝ አንቺ ነግረሽው፣ እሱ መልሶ ላንቺ ሲያስጠነቅቅሽ ሳቅሽበት።

ከዚያ መብረር ጀመርሽ። ከየአውሮፕላን ማረፊያው ትደውዪ ነበር። ከኋላሽ ሁሌም የድምፅ ማጉያ አለ። እኔ ከተማው ምን ይመስላል ስልሽ «ወለሉ ያንሸራትታል» ትዪኛለሽ። ወይም «ወንበሩ መሀል መሀሉ ብረት ስላለው አያስተኛም» ትዪኛለሽ። ከከተሞቹ ያየሽው ወለልና ወንበር ብቻ ነበር። እግርሽ አብጦ ጫማሽን አውልቀሽ እንደምትሄጂም አንድ ቀን አመለጠሽ። አባዬ ያን ቀን ምሳውን አልበላም።

የግማሹ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስትደውዪ ድምፅሽ ሌላ ነበር።

«ጋሼ፣ በፓስ ለሚበር ሰው ሙሉውን አያስገቡም አሉኝ። የገባልኝ ግማሹ ነው።»

«የምን ግማሽ?»

«የማይሉ። ርካሽ ትኬት ስለሆነ ነው አለችኝ ልጅቷ። ካርዴን አሳየኋት፣ እኔም አየሁት። ግማሽ ነው።»

አባዬ ካርታው ላይ ክሩን ቆሞ ሲያየው አየሁት። እሱ ርቀቱን እንጂ ርካሽነቱን አልለካም ነበር። በክር የሚለካ መስሎት። ሰው ሙሉ መንገድ ሄዶ ግማሽ እንደሄደ ይቆጠርበታል ብሎ እንዴት ያስብ? ቆይቶ «ኩፖን ማስጨመር ይቻላል?» አለሽ። «ይቻላል» አልሽው። ያኔ የእኛን ስፒል ነቀለው። ክሩን ፈቶ ገና ወዳልሄድሽባቸው ጠረፎች ሳበው፣ እኛንም ከዚያ ሁሉ በኋላ መልሶ ተከለን።

በሳምንቱ ማሽኑ ላይ በግንባሩ ተደፋ። ጠዋት ነበር፣ ሱቁን ገና መክፈታችን ነው። ጋሽ ካውያ ተሸክሞት ሲሮጥ እኔ የአባዬን ጫማ ይዤ ከኋላ እሮጥ ነበር። ሆስፒታሉ ውስጥ አልጋ እስኪገኝ ኮሪደር ላይ አስተኙት። አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ጎማ ሰኩለት። ጣቱ ላይ መርፌ እንዳይወጋው የሚያጠልቃት ብረት እንዳለች ነበረች፤ ነርሷ ልታወልቃት ስትል «እሷን ተይልኝ» አላት።

አንቺ ስትደውዪ ከኛ የአንድ ሰዓት በረራ በምትርቀው ከተማ ነበርሽ። ስልኩን ጆሮው ላይ የያዝኩለት እኔ ነኝ። ስለዚህ የተባባላችሁትን ሁሉ ሰምቻለሁ።

«ጋሼ፣ ልምጣ?»

«መጥተሽ ምን ልታደርጊ? ሐኪም ነሽ?»

«ልይህ።»

«ታዪኛለሽ። አሁን ብትመጪ የቀረው ይሰረዛል። ያኔ ይሄ ሁሉ እግርሽ ያበጠው በከንቱ ነው። ጨርሺና ነይ።»

«ጋሼ...»

«አልኩሽ።»

ከዚያ «ለጭጭ ስጣት» አልሽው። ስልኩን ወደ ራሴ አዞርኩ። «አንቺ ንገሪኝ» አልሽኝ። «እሱን ተዪው፣ ሁሌም እንደዚህ ነው። እንዴት ነው?»

አባዬ ያየኝ ነበር። በዓይኑ «እንዳትናገሪ» አለኝ። እታባ፣ እኔ ለሰው እንቢ ብዬ አላውቅም፣ ለእሱማ ጭራሽ። ግን ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ነበር።

«እታባ፣ ነይ» አልኩሽ።

ሌላ ቃል አልጨመርኩም፤ ግን ሰምተሻል። መስማትሽን የማውቀው ዝም ስላልሽ ነው። በዝምታው ውስጥ ድምፅ ማጉያው ተሳፋሪ ሲጠራ ሰማሁ። ከዚያ «ወደናንተ ከሚያመጣኝ በፊት ሁለት በረራ ብቻ ነው የቀረኝ የኔ ቆንጆ፣ አይዞሽ» አልሽኝና ዘጋሽው።

በማግስቱ ከሰዓት በፊት አባዬ አረፈ። ጋሽ ካውያ ደጋግሞ ደወለልሽ፤ ስልክሽ ዝግ ነበር። ሰው ሲጠይቀው «አየር ላይ ናት» ይላል። ሰዎቹ ግራ ይገባቸዋል። የት እየሄደች ነው ሲሉት ምን ብሎ ይመልስ? የትም።

ወርደሽ ስልክሽን ስትከፍቺ የጮኽሽውን ጩኸት እስካሁን እሰማዋለሁ። አንድ ሰው «ሴትዮ፣ ምን ሆንሽ?» ሲልሽም ሰምቻለሁ። በማታውቂው አገር፣ በሚያንሸራትት ወለል ላይ፣ ብቻሽን እንደሆንሽ አስቤ ለአንቺም አልቅሻለሁ።

ስለዚህ ስላልመጣሽበት በረራ አልከስሽም። ታላቅ ወንድምሽ ነው፣ አዘዘሽ፣ ታዘዝሽ። ቢያስቀይመኝም ይገባኛል። ያልገባኝ የመጨረሻው ነው።

የመጨረሻው ኩፖን የእኛ ነበር። ሁሉንም በረርሽ፤ ደክሞሽ፣ አልቅሰሽ፣ ተራ ሳታዛቢ በረርሽ። የእኛን ብቻ ተውሽው። ከእሱ በኋላ የሚሰረዝ ሌላ ስላልነበረ ይሆን? «ፈቃዴ አለቀ» አልሽኝና ከዚያው ወደ ሥራሽ ተመለስሽ። ፈቃድሽ አላለቀም ነበር እታባ። መቼ እንደሚያልቅ አባዬ በልብስ ሰፊ ጠመኔ የሱቁ በር ላይ ጽፎት ስለነበር፣ በሩን በከፈትኩ ቁጥር አነበው ነበር። ከቀብሩ በኋላም ቀን ነበረሽ። ሰው በተቀመጠበት ሁሉ «አክስትሽስ?» ይሉኛል። እኔም በሩን በሩን አያለሁ።

የፈራሽ ይመስለኛል። ወንበሩን ባዶውን ማየት ፈርተሽ። እኔም እፈራዋለሁ። ግን እኔ በየቀኑ አየዋለሁ፣ ብቻዬን። ደንበኞች ሱሪያቸውን ሊወስዱ ይመጡና «ሰውዬውስ?» ይላሉ። አንድ ጊዜ ብቻ መንገር የሚበቃ ነገር አይደለም፤ ለእያንዳንዱ እንደ አዲስ ይነገራል። እኔ ደግሞ መናገር እንደምጠላ ታውቂያለሽ። ጋሽ ካውያ ሲገባው «ቦታ ቀይሯል» ብሎ ይመልስልኛል። አንዷ ሴትዮ አድራሻውን ጠየቀችው።

እሱ እዚሁ እንድቀር ይፈልጋል። «እጅሽ የአባትሽ ነው፣ ማሽኑ ላይ ተቀመጪ፣ እኔ እተኩሳለሁ አንቺ ትሰፊያለሽ» ይለኛል። የቤት አከራያችንም እስካሁን ውጪ አላለችኝም። እና መሄጃ ያጣሁ አይምሰልሽ። አንቺ ጋ መምጣት የምፈልገው አንቺ ስላለሽ ነው። ትንሽ ሆኜ ፀጉሬን ስትሠሪኝ ጭንቅላቴን በጉልበትሽ መሀል የምትይዢው ነገር አሁንም በህልሜ ይመጣል።

ግን ሐሙስ ብቻዬን አልሳፈርም። መልሴ ይሄ ነው።

ለሁለታችን ካጠራቀምሽው የአባዬ ድርሻ ማይል አሁንም ካርድሽ ላይ አለ። ለዘመድ ይሰጣል ብለሻል፤ እንግዲህ ለራስሽ ስጪውና ነይ። እኔን የሚወስደኝ አውሮፕላን በዚያው ቀን ከአንቺ ከተማ መጥቶ የሚመለሰው እንደሆነ ጋሽ ካውያ ጠይቆ ደርሶበታል። በእሱ ድረሺ። የእኔን ቀን አስቀይሪልኝ። እዚህ ቤት ግቢ፣ ወንበሩን እዪው፣ መቃብሩ ጋ አብረን እንሂድ፣ ሰው ያይሽ፣ አልቅሺ። ከዚያ ሱቁን አስረክበን አብረን እንሄዳለን፣ አንቺ ከጎኔ ተቀምጠሽ።

ምን እየጠየቅሁሽ እንደሆነ አውቃለሁ። የፈቃድሽ ጊዜ ዘንድሮ አልፏል። አለቃሽ እምቢ ሊልሽ ይችላል፤ ብትሄጂ አትመለሺም ሊልሽም ይችላል። ያኔ ሁለታችንም እዚሁ እንቀራለን። እንደዚያ ከሆነ አንቺ ትቆርጫለሽ፣ እኔ እሰፋለሁ፣ ጋሽ ካውያ ይቀልድብናል።

ካልመጣሽ አልጣላሽም። ስልክሽን አነሳለሁ፤ እንደ ድሮው አንቺ ታወሪያለሽ እኔ እሰማለሁ። ግን ትኬቱ ቀኑ ያልፍበታል፣ ሁለተኛ እንዳትልኪልኝ። አንድ ጊዜ ነይ ብዬሻለሁ፤ ይሄ ሁለተኛው ነው፤ ሦስተኛ የለኝም።

ሐሙስ አውሮፕላን ማረፊያው እሄዳለሁ። ሻንጣ አልይዝም። ተጓዦች በሚገቡበት በር አትፈልጊኝ። የሚመጡ ሰዎች በሚወጡበት በር ላይ ቆሜ፣ የመጨረሻው ሰው እስኪወጣ እጠብቅሻለሁ።

የወንድምሽ ልጅ፣
ጭጭ