ስለ ጠፋው አራት ሊትር ውሃ

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን የፈተናና ምዘና ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከሁሉም በላይ ማኅተምዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ በውሃ ማጣሪያው አሥራ ስድስት ዓመት ክሎሪን የመጠንኩ፣ ሁለት ልጆች በዚሁ ሥራ የማሳድግ ሠራተኛዎ፣ ፈተናዎን ደጋግሜ ከመውደቄ በቀር ደህና ነኝ።

፩. በቅድሚያ ምስጋና። ሰው የሚጠጣውን ውሃ የሚያክም ሰው መሳሳት የለበትም ብለው የሂሳብ ፈተናውን ማለፊያ ሃያ ከሃያ ማድረግዎ የሚያስመሰግን ነው። ክፍልፋዩን ደመርኩ፤ ኤክስንም ፈልጌ አገኘሁት፤ እርስዎን ግን ሁለት ወር ቢሮዎ በር ላይ ፈልጌ አላገኘሁም። ሦስት ጊዜ ተፈትኜ ሦስቱንም ጊዜ አሥራ ዘጠኝ አመጣሁ። አራተኛውን ከወደቅሁ ከሥራ እንደምሰናበት በደብዳቤ ተነገረኝ።

፪. የሚጥለኝ ሰባተኛው ጥያቄ ነው። መቶ ሊትር ከያዘ በርሜል ሃያ በመቶው ተቀዳ፤ ከዚያ የቀረው በሃያ በመቶ እንዲጨምር ውሃ ተሞላበት፤ ስንት ሆነ? ሃያው ሲቀዳ ሰማንያ ይቀራል፤ የሰማንያ ሃያ በመቶ አሥራ ስድስት ነው፤ ድምሩ ዘጠና ስድስት። የእርስዎ የመልስ ወረቀት ግን «መቶ» ይላል። በዚህ የውሃ እጥረት አራት ሊትር ከየትም አምጥተው ስለለገሱን እናመሰግናለን። በዓይንዎ እንዲያዩት ምልክት ያለበት በርሜል አስጭኜ ብመጣ፣ ዘበኛው ውሃ ይዞ መግባት ክልክል ነው ብሎ መለሰኝ።

፫. አቤቱታ ጻፍኩ። ጸሐፊዎ በትሕትና እንዳስረዳችኝ፣ በፈተናው ላይ አቤት ማለት የሚችለው ፈተናውን ያለፈ ብቻ ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ በአራተኛው ፈተና «መቶ» ብዬ ጻፍኩና አለፍኩ። እነሆ ያለፈ ሰው ሆንኩ ብዬ በማግስቱ አቤቱታዬን ይዤ ብመጣ፣ አመልካች ራሳቸው «መቶ» ብለው ስለመለሱ አቤቱታው ውድቅ ሆኗል የሚል ባለ አንድ መስመር መልስ ደረሰኝ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ። ብናገርም ብጽፍም መውጫ አጣሁ፤ ማፈሬንም አልደብቅዎትም።

ፈጣሪ ዕድሜዎን በሃያ በመቶ ቢቀንስብዎ፣ የቀረውን በሃያ በመቶ ጨምሮ ሙሉ በሙሉ እንዲክስዎ እየተመኘሁ፣

ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር፣
ሦስት ጊዜ በትክክል የወደቅሁ፣ አንድ ጊዜ በስሕተት ያለፍኩ፣
የክሎሪን ክፍል ሠራተኛዎ

ማስታወሻ፦ ሃያ ከሃያ በማምጣቴ የፈተና አራሚ አድርገው ስለሾሙኝ አመሰግናለሁ። አጠገቤ ቆማ ዘጠኝ ዓመት ክሎሪን የመጠነችው ባልደረባዬ ትናንት ሰባተኛው ጥያቄ ላይ «ዘጠና ስድስት» ብላ ጽፋ አገኘኋት። የመጨረሻ ፈተናዋ ነበር። ጣልኳት።