ሌንሴን ባወለቅኩበት ሰሞን

ለውድ እትዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹስ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ቁጭ ብሎ መነሣት ያስጨንቅሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ።

ስለ ዓይኔ ጠይቀሽኝ ነበር። ሩቅ አላይ ማለቱን በጨረር ላስተካክል ብዬ ሐኪሟ ዘንድ ሄድኩ። መንገዱ ብዙ ነው አለችኝ። አንደኛው የዓይንን የፊት ስስ ሽፋን እንደ ክዳን ገልጦ፣ ከሥሩ በጨረር ሞርዶ ክዳኑን መመለስ ነው፤ በማግስቱ ታያለሽ። ሌላው ያለ ክዳን ላዩን ልጦ መሞረድ ነው፤ ለቀናት ያማል፣ ማየቱም ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። ሦስተኛው በጠባብ ቀዳዳ ከውስጥ ስስ ቅንጣት ማውጣት ነው። የቱ እንደሚሆንሽ ሳልለካ አልናገርም፤ ለመለካት ደግሞ ዓይንሽ ውስጥ የምታደርጊውን ሌንስ ለሳምንታት አውልቂ፣ ቅርጹን ያዛባብኛል አለች።

እኔ የፈራሁት ጨረሩን አልነበረም። ያን የጠርሙስ ቂጥ የመሰለ መነጽሬን በምሠራበት ስፌት ቤት ማንም አይቶት አያውቅም፤ በተለይ ጨርቅ ቆራጩ። እሱ ካየኝ አበቃልኝ ብዬ ነበር። እወደዋለሁ፣ ምን ልደብቅሽ።

እንደ ብልጥ ያለ ሌንስም ያለ መነጽርም ሥራ ገባሁ። ግራጫ ኮቱን በሩ አጠገብ አየሁና ጠጋ ብዬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ዛሬ እንዴት አምሮብሃል አልኩት። ዝም አለኝ። ቅር ብሎት ይሆን ብዬ ትከሻውን ብነካው ተንገዳገደ። ለካስ ሞቆት ኮቱን ለልብስ መለኪያው የእንጨት አሻንጉሊት አልብሶት ኖሯል። ልጅ ሆኜ አጎታችን መስሎኝ ለተሰቀለ ካፖርት ሰላም ያልኩት ትዝ ይልሻል? አሁንም ያው ነኝ።

ቤቱ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ቆራጩ ለካ ከኋላዬ ቆሟል። ፊቴ እየጋለ መነጽሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ አደረግኩ። ትክ ብሎ አየኝና፣ እኔን አንድ ቀን እንዲህ ብለሽኝ አታውቂም፣ በእንጨት ቀናሁ ብሎኝ ወደ መቀሱ ተመለሰ።

በኋላ ተለካሁ። ሽፋንሽ ስስ ነው፣ የሚሞረደው ደግሞ ብዙ፤ ሦስቱም አይሆኑሽም አለች ሐኪሟ። ሳይሞረድ ውስጥ የሚቀመጥ ሌንስ አለ፣ አስቢበት ብላኛለች። አስባለሁ፤ ግን እንደ በፊቱ አልቸኮልኩም።

መስመሩ ከተጣመመብሽ ይቅር በዪኝ፤ አፍንጫዬን ወረቀቱ ላይ ደፍቼ ነው የምጽፈው። መነጽሬ ሊወለወል ተወስዶብኛል፤ ወልዋዩ መቀሱን አስቀምጦ፣ ጨርቅ አዋቂ ነኝ ባይ ስለሆነ አንዱን ቁራጭ ጥሎ አንዱን እያነሣ ነው። ሰላም በይልኝ ብሏል።

ለዓይነ ሥጋ ያብቃን፤ በመነጽርም ቢሆን።

ታናሽ እህትሽ